ደብተሩ የማን ነው?
/በበጎ ፈቃድ ስለሚመራ የገበሬዎች ገበያ ለእጩ መምህራን የቀረበ ትምህርት/

1. መግቢያ



እንደምታውቁት ከማሠልጠኛ ተመርቆ የሚወጣ መምህር አብዛኛውን ጊዜ የሚመደበው ከከተማ ራቅ ባለ ቀበሌ ነው። እዚያ ሲደርስ የሚጠብቀው ሥራ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ብቻ አይደለም። ዕድሩ ጸሐፊ ይፈልጋል። የውኃ ኮሚቴው ጸሐፊ ይፈልጋል። ለመንገድ ሥራ የሚዋጣውን ገንዘብ የሚመዘግብ ሰው ይፈለጋል። ታዲያ ሁሉም ዞሮ ዞሮ አዲሱ መምህር ዘንድ ይመጣና «መምህር፣ እባክዎ እርስዎ ይያዙልን» ይላል። እምቢ ማለት ያስቸግራል፤ ደግሞም አይገባም። ነገር ግን አያያዙን ሳያውቁ እሺ ማለት ከእምቢታ የባሰ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ ከነዚህ ሥራዎች አንዱን እንመለከታለን። ይኸውም ገበሬው ያመረተውን ራሱ አምጥቶ ለሸማቹ በቀጥታ የሚሸጥበት፣ ነዋሪዎች በፈቃዳቸው የሚያስተባብሩትና ማንም ትርፍ የማይካፈልበት የሠፈር ገበያ ነው። እንዲህ ያለው ገበያ እንዴት ይቋቋማል? በምን ገንዘብ ይተዳደራል? ከሁሉም በላይ ደግሞ ያቋቋሙት ሰዎች ሲሄዱ እንዴት ይቀጥላል?

2. ችግሩ ምንድን ነው?

በመቱ፣ በጎሬ፣ በሁሩሙ፣ በያዮ ወይም በበደሌ በገበያ ዕለት ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ቆም ብላችሁ ተመልከቱ። ጠዋት በደህና ዋጋ ሲጠራ የነበረው ሙዝና አቮካዶ ዋጋው እየወረደ ይሄዳል። ሦስትና አራት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ፣ ጎደሬዋን በጀርባዋ አዝላ የመጣች እናት ፀሐይዋን ታያለች፤ መንገዱን ታስባለች። ያንን ሸክም ይዞ መመለስ የማይታሰብ ነው። በዚህ ሰዓት የሚመጣው ነጋዴ የሚጠራውን ዋጋ ተቀብላ ትሄዳለች። ማንም አልዘረፋትም። ዋጋውን የቆረጡት የሸክሙ ክብደት፣ የመንገዱ ርቀትና የምሽቱ መቅረብ ናቸው።

አገራችን ኢሉባቦር፣ ማለትም በዛሬው አጠራር የኢሉ አባ ቦርና የቡኖ በደሌ ዞኖች፣ ምርት የሚያንሰው አገር አይደለም። ቡናው፣ ማሩ፣ ኮረሪማው፣ ዝንጅብሉ፣ በቆሎው፣ ማንጎውና ፓፓያው በዓይን የሚታይ ነው። የያዮ የቡና ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ዓለም አቀፍ የባዮስፌር ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ታዲያ ምርት ሳይጠፋ ገበሬው ለምን ይጎዳል ቢሉ፣ ዝናቡ ረጅም ነው፤ መንገዱ ይጨቀያል፤ ፍራፍሬ ደግሞ አይጠብቅም። በሌላ በኩል በከተማው ውስጥ ደመወዝተኛው፣ ተማሪውና በሽተኛ ሊያስታምም የመጣው እንግዳ ያንኑ አቮካዶ በእጥፍና ከዚያም በላይ በሆነ ዋጋ ይገዛል። የሠፈር ገበያ ዓላማ ይህንን ርቀት ማሳጠር ነው።

3. ካለፈው ምን እንማራለን?

የመጀመሪያው ትምህርት ከጎሬ ይገኛል። አፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ስምምነት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ከተፈቀደ በኋላ፣ ጋምቤላ የምዕራብ ኢትዮጵያ የንግድ በር ሆነች። የኢሉባቦር ቡና፣ ሰምና ቆዳ ከጎሬ በቡሬ በኩል በበቅሎና በሰው ጫንቃ ይወርድና በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጫን ነበር። ጨውና ጨርቅ ደግሞ በዚያው መንገድ ይወጣ ነበር። ይሁን እንጂ መርከቡ የሚመጣው ባሮ በሚሞላበት በክረምት ብቻ ነው። ስለዚህ መጋዘን ያለው እስከዚያ ይጠብቃል፤ መጋዘን የሌለው አሁኑኑ ይሸጣል። የዋጋ ጉልበት ያለው መጠበቅ በሚችል ሰው እጅ ነው። ከላይ ያየናት እናት ከ10 ሰዓት በኋላ የምትሸጠው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ከቅርብ ጊዜ ታሪክ የተወሰደ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እህል የሚሰበስበው የገበሬ ማኅበራት በኮታ እንዲያስረክቡ በማድረግ ነበር። ዋጋው ከላይ ይተመናል፤ ብዙ ጊዜም ከነጻው ገበያ ያንሳል። በ1982 ዓ.ም. የግዴታው ኮታ ተነሣ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበራት መጋዘንና ሱቅ በብዙ ቦታ ተዘረፈ። ከዘራፊዎቹ ውስጥ የማኅበሩ አባላት ራሳቸው አልጠፉበትም። ምነው ቢሉ፣ በወረቀት የእነሱ የነበረው ንብረት በልባቸው የእነሱ አልነበረም።

በዚያው ዘመን ዕድርስ ምን ሆነ? ዕድር አልፈረሰም። ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ድስቱን ማንም አልዘረፈም። መዋጮው ትንሽ ነው፤ ሁሉም እኩል ይከፍላል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ሒሳቡ በአባላት ፊት ይነበባል፤ ዳኛውና ጸሐፊው በምርጫ ይቀየራሉ። ስለዚህ የሠፈር ገበያ ለማቋቋም የምናስብ ሰዎች አብነት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አይኖርብንም። ዕድሩ ደጃችን ነው። ሥራውን በጋራ መሥራት ካስፈለገም በአማርኛ ደቦ፣ በኦሮምኛ ዳቦና ዳዶ የምንለው ልማድ አለልን።

4. የራሴ ስሕተት

ከብዙ ዓመት በፊት ጀማሪ መምህር ሳለሁ፣ በተመደብኩባት ትንሽ ከተማ የቅዳሜ የአትክልት ገበያ አቋቁመን ነበር። ጸሐፊውም፣ ገንዘብ ያዡም፣ ሚዛን ጠባቂውም እኔው ነበርኩ። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እደርሳለሁ፤ ማታ የመጨረሻው ቅጠል ተጠርጎ ሳይነሣ አልሄድም። ሰው ሁሉ ያመሰግነኛል። እውነቱን ለመናገር ምስጋናው ጣፍጦኝ ነበር። ደብተሩን ግን ከእኔ በቀር አንብቦ የሚረዳው ሰው አልነበረም፤ በራሴ ምሕጻረ ቃል የተጻፈ ነዋ!

በሁለተኛው ዓመት የዝውውር ደብዳቤ ደረሰኝ። ጊዜው ጠባብ ስለነበር ዕቃዬን በጥድፊያ ስሸክፍ ደብተሩ ከትምህርት ማስታወሻዎቼ ጋር ሣጥን ውስጥ ገባ። ያወቅሁት አዲሱ ቦታ ደርሼ ሣጥኑን ስከፍት ነው። ዛሬ እልካለሁ፣ ነገ እልካለሁ ስል ሳምንቱ ወር ሆነ፤ ወሩም አለፈ።

ከዓመት በኋላ ከገበያችን ሻጮች አንዷን፣ ዕድሜያቸው የገፋ እናት፣ በአንድ መናኸሪያ አገኘኋቸው። እኔ በነበርኩ ጊዜ የስድስት ገበያ የመደብ ክፍያ አስቀድመው ከፍለው ነበር። የተመዘገበው ደግሞ እኔ ሣጥን ውስጥ ባለው ደብተር ብቻ ነው። አዲሶቹ አስተባባሪዎች «ማስረጃ የለም» ብለው መደባቸውን ለሌላ ሰጡባቸው። ገበያውም ራሱ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ሴትዮዋ አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ ያ ደብተር ደህና ነው?» ብቻ ነው ያሉኝ።

ያንን ገበያ የዘጋው ሌባ ወይም ደላላ አይደለም። የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ያውም በደከምኩለት እጄ። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሁሉ ከዚያ ጥያቄ የመነጨ መሆኑን እንድትረዱልኝ እፈልጋለሁ።

5. ገበያው እንዴት ይደራጃል?

ሀ/ ቀንና ቦታ። ቀኑ ከትልቁ የከተማ ገበያ ጋር ባይጋጭ ይመረጣል። ቦታው ደመወዝተኛና ተማሪ በሚያልፍበት መንገድ አጠገብ ይሁን፤ ውኃ የማይተኛበት፣ መጸዳጃም የማይርቀው መሆን አለበት። የቀበሌው ወይም የማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይያዝ። ለዝናቡ ዳስ ያስፈልጋል፤ ይህን በደቦ መሥራት ይቻላል። አንዴ የተወሰነው ቀን ደግሞ አይታጠፍ። ሦስት ሰዓት ተጉዛ መጥታ ገበያው ተሰርዞ ያገኘች ሴት ሁለተኛ አትመጣም።

ለ/ ማን ይሸጣል? ደንቡ «ያመረተ ይሽጥ» የሚል ነው። በአሜሪካ በኒውዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1976 የተጀመረው የገበሬዎች ገበያ እስከ ዛሬ በዚህ ደንብ ይሠራል። ገበያውን የሚመራው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው፤ ሻጩ ያመጣውን ነገር በእውነት ማምረቱን እርሻው ድረስ ሄዶ የሚያጣራ ተቆጣጣሪም አለው። እኛ ዘንድ ነገሩ የቀለለ ነው፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ያውቃል። ነገር ግን ደንቡ ርኅራኄ የሌለው አይሁን። የታመመችና መምጣት ያልቻለች ጎረቤት ካለች፣ ስሟ ተመዝግቦ ሌላዋ ትሽጥላት። እንዲሁም ነጋዴን እንደ ጠላት መቁጠር አይገባም። ከበደሌ ጅማ፣ ከመቱ አዲስ አበባ ጭኖ የሚሄደው እሱ ነው፤ ኪሳራውንም ይችላል። እኛ የምንለው በዚህች አንዲት ቀን፣ በዚህች አንዲት ሜዳ አምራቹ ይቅደም ነው።

ቡናን በሚመለከት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የቡና ግብይት የራሱ ሕግ አለው። ስለዚህ የሠፈሩ ገበያ በአትክልት፣ በፍራፍሬ፣ በሥራሥር፣ በማር፣ በእንቁላልና በመሳሰሉት ላይ ይወሰን፤ ጀንፈልና እሸት ቡና በሕግ ወደተፈቀደላቸው ቦታና ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ይሂዱ።

ሐ/ ሚዛን። በጣሳ፣ በኩባያና በመደብ መሸጥ የኖረ ልማድ ነው፤ በአንድ ጊዜ አይቀርም። ይሁን እንጂ ሥሩ የተደቆሰ ጣሳ ስንቱን እንዳጣላ ሁላችንም እናውቃለን። በገበያው መካከል ማንም ገዢ የገዛውን መልሶ የሚመዝንበት አንድ የጋራ ሚዛን ይቀመጥ። ሚዛኑ ልክ መሆኑን ለማረጋገጥ መምህሩ ቀላል ዘዴ አለው። ባዶ ጠርሙስ ይመዘናል፤ ከዚያ ልክ አንድ ሊትር ውኃ ይጨመርበትና እንደገና ይመዘናል። ልዩነቱ አንድ ኪሎ መሆን አለበት። ይህንን በየገበያው ጠዋት በሰው ፊት ማድረግ ሁለት ጥቅም አለው፤ ሚዛኑ ይታመናል፤ ለተማሪዎችም የሳይንስ ትምህርት ይሆናል።

መ/ ዋጋ። ኮሚቴው ዋጋ አይተምን! የኮታውን ዘመን እናስታውስ። የኮሚቴው ሥራ ወሬ ማምጣት ነው። ባለፈው ሳምንት በዚሁ ገበያ፣ እንዲሁም በመቱ ትልቁ ገበያ አንድ ኪሎ አቮካዶ ስንት እንደተሸጠ በሰሌዳ ላይ በኦሮምኛና በአማርኛ ይጻፍ። ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ ጠዋት ጮክ ተብሎ ይነበብላቸው። ዋጋውን ያወቀ ሰው በምሽት እንኳን ቢሸጥ የሚሸጠው አውቆ ነው።

ሠ/ ገንዘብ። ለትርፍ ያልቆመ ማለት ገንዘብ የማይነካ ማለት አይደለም። ትርፉን ማንም አይካፈለውም ማለት ነው። ለምሳሌ ያህል 40 ሻጮች ለመደብ 10 ብር ቢከፍሉ ገቢው 400 ብር ነው። ወጪው ለጥበቃ 120፣ ለጽዳት 100፣ ለደረሰኝና ለወረቀት 30፣ ለዳስና ለሚዛን ጥገና 50፣ በድምሩ 300 ብር ይሁን። 100 ብር ይተርፋል። ይህን ያየ ሰው «አተረፍን፣ እንከፋፈል» ይል ይሆናል። ክረምት ሲመጣ ግን ሻጮቹ ወደ 22 ይወርዳሉ እንበል፤ ገቢው 220፣ ወጪው ያው 300፣ ጉድለቱ 80 ብር ይሆናል። በዓመቱ ካሉት 52 ገበያዎች 36ቱ ደረቅ፣ 16ቱ ዝናባማ ቢሆኑ፣ ከ3,600 ብር ላይ 1,280 ብር ተቀንሶ 2,320 ብር ይቀራል። እንግዲህ የደረቁ ወራት ትራፊ የክረምቱ ስንቅ ነው። እያንዳንዳችሁ የደረሳችሁበትን ቦታ እውነተኛ ቁጥር እያስገባችሁ ስሌቱን ሥሩት።

ዘበኛውና ጠራጊዋ ሊከፈላቸው ይገባል። በጎ ፈቃድ የድሃ ጉልበት በነጻ መውሰጃ መሆን የለበትም። ተማሪዎችም የገበያ ሠራተኛ አይደሉም። በቡና ለቀማ ወራት ከክፍል የሚቀሩት ይበቃናል፤ እኛው ራሳችን ሌላ ምክንያት አንጨምርባቸው።

ረ/ በጎ ፈቃደኞች። በአገራችን «በፈቃደኝነት» የሚለው ቃል አንዳንድ ጊዜ በግዴታ መዋጮ ላይ ሲለጠፍ አይተናል። በዚህ ምክንያት ሰው ቃሉን ሲሰማ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። መድኃኒቱ ሥራውን ትንሽና የተወሰነ ማድረግ ነው። ዘጠኝ ሰዎች ካሉ በሦስት ቡድን ይከፈሉ፤ አንድ ሰው በሦስት ሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይደርሰዋል። ከኮሚቴው ቢያንስ ግማሹ ሻጮች ራሳቸው ይሁኑ፤ በተለይም ሴቶች፤ መደቡን የያዙት በብዛት እነሱ ናቸውና። የአገልግሎት ዘመኑ አንድ ዓመት ይሁን፤ አንድ ሰው በተከታታይ ከሁለት ጊዜ በላይ አይመረጥ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ጠብ ቢነሣ መጀመሪያ የሚያየው በገበያው የተመረጡ ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው።

ሰ/ ደብተርና ርክክብ። ገንዘብ የሚይዘውና ደብተር የሚጽፈው አንድ ሰው መሆን የለበትም። ሣጥኑ ሁለት ቁልፍ ይኑረው፤ ቁልፎቹም በሁለት ሰው እጅ ይቀመጡ። ለከፈለ ሁሉ ደረሰኝ ይሰጥ። ደብተሩ በሁለት ቅጂ ይጻፍ፤ አንዱ ከጸሐፊው ጋር፣ ሁለተኛው በቀበሌው ወይም በትምህርት ቤቱ ይቀመጥ። በዛሬ ጊዜ ገጹን በስልክ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለሦስት ሰው መላክም ይቻላል። በየወሩ መጨረሻ ሒሳቡ ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ በሻጮቹ ፊት ይነበብ። ጸሐፊው ሥራ በያዘ በመጀመሪያው ወር ተተኪ ይመደብለት፤ በየሦስተኛው ገበያም ተተኪው ይጻፍ። የዝውውር ደብዳቤ ሲመጣ ርክክቡ በፊርማ ይፈጸም እንጂ ነገ ዛሬ አይባል።

6. ስለ ሕጉ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 404 ማኅበርን ሲተረጉም፣ ሰዎች ትርፍ ለማግኘት ወይም ለመከፋፈል ሳይሆን ለሌላ ዓላማ የሚያቋቁሙት ስብስብ መሆኑን ይገልጻል። እንግዲህ «ለትርፍ ያልቆመ» የሚለው ሐሳብ ለሕጋችን እንግዳ አይደለም። ገበያው ሲጠነክር ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት ኅብረት ሥራ ማኅበር መሆን ነው፤ በዚህ አባላቱ ዕጣ ይገዛሉ፤ ትርፍም ሊከፋፈሉ ይችላሉ። ሁለተኛው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት መሆን ነው። ይህን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ድርጅቱ ገቢ እንዲያስገኝ ይፈቅዳል፤ ገቢውን ግን ለአባላት ማከፋፈልን ይከለክላል። ሥራው በአንድ ክልል ብቻ የተወሰነ ከሆነ የክልሉን ሕግ ከወረዳው መጠየቅ ነው። ለጀማሪ ገበያ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የጽሑፍ ፈቃድና በሁሉም ፊት የጸደቀ አንድ ገጽ መተዳደሪያ ደንብ ያስፈልጋል።

በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የተስፋፉት የእሁድ ገበያዎች አምራችና ሸማች በቀጥታ ቢገናኙ ሁለቱም እንደሚጠቀሙ አሳይተዋል። እነዚያን የሚያደራጀው ግን የመንግሥት አስተዳደር ነው፤ ሠራተኛና በጀት አለው። ቀበሌያችን ይህ ላይኖረው ይችላል። ያለው ዕድሩ፣ ደቦውና ደብተር መያዝ የሚችል መምህር ነው።

7. ማጠቃለያና የመወያያ ጥያቄዎች

በአጭሩ፣ በበጎ ፈቃድ የሚመራ ገበያ በአንድ ቅን ሰው ትከሻ ላይ ከቆመ ከዚያ ሰው ጋር ይሄዳል። በታመነ ሚዛን፣ በሚነበብ ሒሳብና በሚቀያየሩ እጆች ላይ ከቆመ ግን ይቆያል። የመምህሩ ዋና ሥራ ሌሎች ያለ እርሱ እንዲችሉ ማድረግ ነው፤ ክፍል ውስጥ የምንሠራውም ይኸው አይደለም እንዴ?

በየቡድናችሁ በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ ተወያዩ፤

1ኛ/ በተወለዳችሁበት ቀበሌ በገበያ ዕለት ጠዋትና ከ10 ሰዓት በኋላ ያለው የአንድ ምርት ዋጋ ምን ያህል ይለያያል? በሚቀጥለው ዕረፍታችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ መዝግቡ።

2ኛ/ በተራ ቁጥር 5 ሠ/ ላይ የተሰጠው ስሌት በክረምት የሻጮቹ ቁጥር ወደ 15 ቢወርድ ምን ይሆናል? ገበያው ዓመቱን ይዘልቃል?

3ኛ/ ዕድር በየዘመኑ ሳይፈርስ ሲቀር የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ለምን እንደተዘረፉ አዛውንቶችን ጠይቃችሁ ምክንያቱን ጻፉ።

4ኛ/ የቀበሌ ጸሐፊ ሆናችሁ ሳለ የዝውውር ደብዳቤ ነገ ቢደርሳችሁ፣ ደብተሩ ማን እጅ ይቀራል?